ሃምሳ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ

4. የተማሪዎች ውጤት (ከ50 ነጥብ)

የተፈታኞች ብዛት፦ ________

የክፍሉ አማካይ ውጤት፦ ________

4.1

በመምህራን የራስ ምዘና ቅጹ ላይ ከዚህ በላይ ያሉትን ሦስቱን ሞልቻለሁ። ሰዓት አክባሪነት፣ ሙሉ። የትምህርት ዕቅድ፣ ሙሉ። ከባልደረቦች ጋር ያለ ግንኙነት ላይ አንድ ነጥብ ቀነስኩ፤ ለራሱ ሁሉንም ሙሉ የሚሰጥ ሰው ያስጠረጥራል።

አራተኛው ላይ ቆምኩ። ሁለት ባዶ መስመር ነው። ከቁጥር ሌላ የሚቀበለው ነገር የለም። ስለዚህ ቁጥር ያልሆነውን በቅጹ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ወደ ፊት ለፊቱ እንዳያልፍ በስሱ ነው የምጽፈው።

4.2 ስለ ጸሐፊው

ስም፦ ንጋቱ።

ሥራ፦ የሒሳብ መምህር።

ዕድሜ፦ ሃምሳ ሰባት። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል።

ልምድ፦ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠመኔ።

ትምህርት ቤት፦ ጎርፍ በር የመጀመሪያ ደረጃ። ክፍል፦ 8ኛ «ለ»።

አሁን ሰዓቱ፦ ስምንት ተኩል። ባዶ ክፍለ ጊዜ።

ቅጹና የተፈታኞች ዝርዝር ወደ ወረዳ የሚላኩት፦ ዛሬ፣ አሥር ሰዓት ላይ።

ስሜት፦ ቅጹ አይጠይቅም።

4.3 ምዘናው እንዴት እንደሚሠራ (ለማያውቅ አንባቢ)

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ይፈተናሉ። የተፈተኑት ሁሉ የሒሳብ ውጤት ይደመራል። ድምሩ ለተፈታኞቹ ብዛት ይካፈላል። የሚወጣው ቁጥር እኔ ነኝ።

ከሃምሳ በላይ ከሆንኩ ጥሩ መምህር ነኝ። ከሃምሳ በታች ከሆንኩ አይደለሁም። ካቻምና አርባ ስድስት ነበርኩ። ዓምና አርባ ስምንት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከሃምሳ በታች የሆነ መምህር ቆላ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራል፤ ከመኪና መንገዱ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። ጉልበቴን ያየው ሐኪም ደረጃ እንኳ እንዳልወጣ መክሮኛል።

ወረዳው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤቶቹ ስም የተጻፈበት ትልቅ ካርቶን ተለጥፏል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ጎርፍ በር በሌላው ትምህርት ሁሉ አረንጓዴ ነው። በሒሳብ ቀይ ነው። ቀዩ እኔ ነኝ።

4.4

ሚያዝያ ላይ ሞዴል ፈተና ሰጠን። ሞዴሉና ክልላዊው ከአንድ ነጥብ በላይ ተለያይተው አያውቁም። ቅጹም ለጊዜው በሞዴሉ ነው የሚሞላው፤ ሐምሌ ላይ በእውነተኛው ይተካል፤ ዝውውሩ ግን የሚወሰነው ዛሬ በሚላከው ቁጥር ነው።

61 ተማሪ።

ድምር 2885።

አማካይ 47.30።

ቀይ።

4.5 ግልባጭ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ

(ርዕሰ መምህሩ አንዷለም ይባላል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።¹ ስብሰባ ላይ «አቶ አንዷለም» እለዋለሁ፤ በሩ ሲዘጋ አንተ ነው።)

አንዷለም፦ ጋሼ፣ ይቀመጡ። ሻይ ላስመጣልዎት?

እኔ፦ ይቅርብኝ።

አንዷለም፦ ክፍሉን ወደ ታች የሚጎትቱት ስድስት ተማሪዎች ናቸው። ስድስቱ ባይኖሩ እኮ ከሃምሳ በላይ ነን።

እኔ፦ ግን አሉ።

አንዷለም፦ አሁን አሉ። (ከመሳቢያ ወረቀት ያወጣል።) በራሳቸው ፈቃድ ካቋረጡ አይቆጠሩም። ሳይፈተን የቀረ ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል፤ አስቀድሞ ያቋረጠ ግን አይቆጠርም። መመሪያው ነው፣ እኔ አልጻፍኩትም።

እኔ፦ በራሳቸው ፈቃድ።

አንዷለም፦ ማመልከቻው ተተይቦ ተቀምጧል። ወላጅ ይፈርማል፣ እርስዎ ይፈርማሉ፣ እኔ ማኅተም አደርጋለሁ። አለቀ።

እኔ፦ አንተም እኮ ደጋሚ ነበርክ፣ አንዷለም።

አንዷለም፦ አልረሳሁትም ጋሼ። ያኔ ግን የሚቆጥር አልነበረም።

(መሳቢያውን ይዘጋል።)

አንዷለም፦ ደስ ብሎኝ የማደርገው ይመስልዎታል? ወረዳ ለስብሰባ ስጠራ ከዚያ ካርቶን ሥር ነው የሚያስቀምጡኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ።

¹ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የተማረው። በሁለተኛው ዓመት ክፍልፋይ ገባው።

4.6

ቀጥሎ ያለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ። በመጀመሪያው ላይ ጠረጴዛውን መትቼ ነበር። በሁለተኛው ላይ ከወንበሬ ተነሥቼ ወጣሁ፣ በሩንም ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ሦስተኛው ላይ አንድ ተረት ተናግሬ አንዷለምን አሳፈርኩት፤ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»።

እውነቱን ጻፍ ካላችሁኝ ያልኩት ይህን ነው፦

እሺ።

4.7 አምስቱ

ወላጆቹ አንድ ማክሰኞ ተጠሩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኳቸው፦ ልጁ ዝግጅት ይጎድለዋል፤ ዘንድሮ ተፈትኖ ከሚወድቅ ለከርሞ ተዘጋጅቶ ቢፈተን ይሻለዋል። ውሸት አይደለም። ግን እውነትም አይደለም፤ ካቋረጡት ውስጥ ለከርሞ ተመልሶ የመጣ አላየሁም።

«እርስዎ ካሉ» አለች አንዷ እናት። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አደረገች።

«መምህር ካሉ ምን እንላለን?» አለ አንዱ አባት።

«እርስዎ ካሉ።»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«እርስዎ ካሉ።»

አምስት ወላጅ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። የተከራከረኝ የለም። ቢከራከሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከእያንዳንዳቸው ፊርማ ሥር የእኔን አኖርኩ። ከዚያ ምሳዬን በላሁ።

ተራ ቁጥር 9 (ውጤት 24)፦ ጋራዥ ገብቷል።

ተራ ቁጥር 17 (ውጤት 22)፦ መናኸሪያ ይታያል።

ተራ ቁጥር 26 (ውጤት 20)፦ ሌላ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ።

ተራ ቁጥር 44 (ውጤት 18)፦ ቤት።

ተራ ቁጥር 58 (ውጤት 15)፦ አላውቅም።²

² ስማቸውን አውቃለሁ። ቅጹ የሚጠይቀው ተራ ቁጥር ነው።

4.8 ስድስተኛዋ

ተራ ቁጥር 33። ውጤት 31። ዕድሜ 41።

ወይዘሮ አያልነሽ ትባላለች። የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመት ጠርጋዋለች። ማመልከቻው ላይ የሚፈርምላት ወላጅ የለም፣ የራሷ ወላጅ ራሷ ናት።

መስከረም ላይ አዲስ የሠራተኞች ምደባ መጣ። ጽዳት ሠራተኛ ስምንተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ መሆን አለበት ይላል፤ ያላጠናቀቀ ሐምሌ ላይ የሥራ መደብ አያገኝም። እሷ ድሮ ከሰባተኛ ነው ያቆመችው። የማታው ትምህርት ተማሪ አነሰ ተብሎ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ በደብዳቤ ተፈቅዶላት ከልጆቹ ጋር ቀን ገባች።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መጥታ ክፍሎቹን ትጠርጋለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ካኪ ጋውኗን አውልቃ እንደ ልጆቹ ሰማያዊ ሹራብ ትለብስና ራሷ የጠረገችው ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፤ የመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። እኔን ክፍል ውስጥ «ቲቸር» ትለኛለች፣ ከክፍል ውጪ «ጋሽ ንጋቱ»። አንድም ቀን አምታታው አታውቅም።

መጀመሪያ ቀን ስም ስጠራ «አቤት» ብላ ብድግ አለች። ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ «አለሁ ቲቸር» አለች።

4.9

ስትጠርግ የጠመኔ ስባሪ ትለቅማለች። ሌላው የጽዳት ሠራተኛ ከቆሻሻው ጋር ይደፋዋል፤ እሷ በጋውኗ ኪስ ታጠራቅማለች። ትምህርት አልቆ ልጆቹ ሲወጡ በዚያ ስባሪ ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ጥያቄ እንደገና ትሠራለች። ስትጨርስ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ታጥባለች፤ ሰሌዳ ማጠብ ሥራዋ ነው። ጠዋት ስገባ ሁልጊዜ ጥቁርና ንጹሕ ሆኖ ነው የማገኘው።

ይህን የማውቀው አንድ ቀን መነጽሬን ረስቼ ስለተመለስኩ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ለሰሌዳው ታወራለች። «አንተ ነህ አንዱን የተበደርከው፣ መልሰው እንጂ» ትለዋለች ለሰባት ቁጥር። ሳላስደነግጣት ተመለስኩ። መነጽሬንም ትቼው ሄድኩ።

4.10 የተማሪ ቁጥር 33 የሒሳብ ውጤት

መስከረም፦ 4

ኅዳር፦ 9

ጥር፦ 18

ሚያዝያ፦ 31

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ የክፍሉ አማካይ የጨመረው ሦስት ነጥብ ነው። እሷ ሃያ ሰባት ጨምራለች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ከፍ ያለ ተማሪ አላስተማርኩም። በዚህ ቅጽ ግን ክፍሌን ወደ ታች ከሚጎትቱት አንዷ ናት።

ለአንዷለም አሳየሁት። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። ሒሳብ ያውቃል፣ አስተምሬዋለሁ።

«ግሩም ነው ጋሼ» አለ። «ቅጹ ላይ ቦታ የለውም እንጂ።»

በአማርኛ 71 አላት፣ በኅብረተሰብ ትምህርት 64። የተቀረውም ደህና ነው። ሰኔ ላይ ከተፈተነች በጠቅላላ ውጤቷ ታልፋለች፤ ሒሳብ አይጥላትም። እኔን ነው የሚጥለኝ።

4.11

እንድነግራት ሦስት ሳምንት ተሰጠኝ።

ነገ።

ነገ።

ነገ።

ለአምስት ቤተሰብ በሃያ አምስት ደቂቃ የተናገርኩትን ለአንዲት ሴት በሦስት ሳምንት መናገር አቃተኝ። ልጆቹን ስላልወደድኳቸው አይደለም። እነሱን መላክ የቻልኩት ወላጆቻቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለነበር ነው፤ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ሰው ነበር። እሷ ዘንድ ከእሷ ሌላ ማየት አይቻልም።

ባለፈው ሰኞ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ በቁራጭ ወረቀት ሒሳቡን ሠራሁት። ከ2885 ላይ ስድስቱን ውጤቶች አወጣሁ፦ 31፣ 24፣ 22፣ 20፣ 18፣ 15። ስም አልጻፍኩም። ቀሪው 2755፣ ሲካፈል ለ55። ሃምሳ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ። ወረቀቱን ጨምድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ቅርጫቱን የሚደፋው ማን እንደሆነ አላሰብኩም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቅርጫቱ በራሱ ባዶ የሚሆን ይመስል ነበር።

4.12 መመሪያ፤ ከነጥብ በኋላ እንዴት እንደሚካፈል

አካፋይህን በግራ ጻፍ። ተካፋይህን በቀኝ። ስንት ጊዜ እንደሚደርሰው ጠይቅ። አባዛ፣ ቀንስ። የተረፈው ከአካፋይህ ሲያንስ አትቁም። ነጥብ አድርግ። ዜሮ አውርድ። እንደገና ጠይቅ።

እሷ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የምትቆመው። «የተረፈ ተረፈ ነው እንጂ ቲቸር፣ ምን አድርጎ ነው ደግሞ እሱን የምንቆራርሰው?» ትላለች። ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። ሞዴል ፈተናው ላይ ስምንት ጥያቄ የሳተችው በዚሁ ነጥብ ምክንያት ነው።

4.13 ማክሰኞ ጠዋት

ስገባ ሰሌዳው አልታጠበም።

2786 ÷ 56 = 49.75

2755 ÷ 55 = 50.09

ከሁለተኛው ሥር ሁለት ጊዜ ተሠምሯል። ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው፣ በጠመኔ ስባሪ የተጻፈ። የማካፈሉ ሥራ በሙሉ ወደ ታች ተዘርግቷል፤ ነጥብ ተደርጓል፣ ዜሮ ወርዷል።

የታችኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የላይኛውን ግን አልሠራሁትም። አምስቱን ብቻ አውጥቼ እሷ ብትቀር ስንት እንደሚመጣ ማስላት አንድም ጊዜ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። 31ን ወደ ድምሩ መልሳ፣ ራሷንም ወደ ብዛቱ መልሳ፣ አካፍላለች። እሷ ካለች ሩብ ይጎድላል። እሷ ከሌለች ይሞላል። ሌሎቹ አምስቱ ብቻቸውን አልበቁም ነበር።

ልጆቹ ደብተር አውጥተው ይገለብጣሉ።

ሰሌዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይገለበጣል። ማን ጻፈው፣ ለምን ተጻፈ የሚል የለም፤ እኔው ነኝ እንዲህ ያስለመድኳቸው። ሃምሳ አምስት ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ አምስት ጓደኞቹ እንዴት እንደተቀነሱ በደብተሩ ላይ በንጹሕ ጽሕፈት እያሰፈረ ነው። አንዳንዱ በማስመሪያ አሠመረበት።

ሰምሃል፣ የክፍሉ አለቃ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

4.14

እጄ በልማድ ጠመኔ አነሣ። ሁለቱንም አየሁ፣ ትክክል ናቸው፤ አጠገባቸው ራይት አደረግኩ። መምህር ትክክል የሆነ ነገር ሲያይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ከዚያ ሌላ እጄ የሚያውቀው የለም።

«ማነው የሠራው ቲቸር?»

«ከመካከላችሁ አንዱ ነው።»

ጥያቄ ለመለሰ ማጨብጨብም እኔ ያስለመድኩት ነው። ሰምሃል «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። አጨበጨቡ። ማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ።

አያልነሽም በሩ አጠገብ ተቀምጣ አጨበጨበች። ለራሷ ማጨብጨብ ያሳፈራት ትመስላለች፤ ቀስ አድርጋ ነው፣ በጣቶቿ ብቻ።

ይህን ስጽፍ የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባል። እየጠበቅኩ ነው።

4.15 ግልባጭ፤ ቧንቧው አጠገብ

(የዚያኑ ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት። ከሹራቧ ላይ ጋውን ደርባለች። ባልዲ እየሞላ ነው።)

አያልነሽ፦ ጋሽ ንጋቱ፣ ትክክል ነበር አይደል?

እኔ፦ ትክክል ነው።

አያልነሽ፦ ነጥቡን ተሻገርኩት። ሦስት ጊዜ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ሃምሳ ነጥብ ስድስት ምናምን መጣልኝና እልል ልል ነበር። ለካ ውጤቴን ደምሬ ራሴን መቁጠር ረስቻለሁ፤ በሃምሳ አምስት ነው ያካፈልኩት።

እኔ፦ አያልነሽ፣ ይህ አንቺ ዘንድ እንዲደርስ አልፈለግኩም።

አያልነሽ፦ ቅርጫቱን የምደፋው እኔ ነኝ እኮ። 31ን ሳይ አወቅኩት። የራሱን ውጤት የማያውቅ ተማሪ አለ?

እኔ፦ ሩብ ብቻ ነው የጎደለው።

አያልነሽ፦ ሩብ ብትሆንስ ማን ይጨምርልናል? (ከጋውኗ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ታወጣለች። ጠመኔ ነክቶታል።) ይኸው። ጽሕፈት ቤቱን ስጠርግ ከማመልከቻዎቹ አንዱን ወስጄ ሞልቼዋለሁ። በራሴ ፈቃድ የሚለው ላይ ፈርሜያለሁ። የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

እኔ፦ ሐምሌ ላይ ከሥራሽ ያስወጡሻል።

አያልነሽ፦ አውቃለሁ።

እኔ፦ ታዲያ ለምን?

አያልነሽ፦ እርስዎ በዚህ ጉልበት ቆላ ይውረዱ? እኔ በዚህ ግቢ አሥራ ሰባት ዓመት ስኖር ያልታዘዝኩት የለም፤ ይህን አንሺ፣ ያንን ጥረጊ። «ደብተርሽን አውጪ» ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

(ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል። ቧንቧውን ሁለታችንም አንዘጋውም።)

አያልነሽ፦ ግን ጋሽ ንጋቱ፣ አልዋሽዎትም። ብፈተን ደስ ይለኛል። በጣም ነው የምፈልገው።

(ቧንቧውን ትዘጋለች። ባልዲውን አንሥታ ትሄዳለች።)

4.16

አሳፈረችኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ለቅጹ ምኑም አይደለም፤ ግን ከማክሰኞ ወዲህ የተሰማኝ አንድ ነገር ይህ ነው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ጥርስ ሲነቀል ማደንዘዣው ሳይለቅ እንደሚሰማው ነው።

የማስተምረው አማካይ ምን ማለት እንደሆነ ነው። ሁሉም ያለው ተሰብስቦ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው፤ እንዲህ ብዬ ነው በየዓመቱ የማስረዳው። ያለው የሌለውን ይደግፋል፣ ለዚህ ነው አንድ ላይ የምንደምረው እላቸዋለሁ። ልጆቹ ይገለብጡታል።

4.17

ቅጹ ባይጠይቅም፦

ምንተስኖት።

ከድር።

ጽዮን።

ስማቸው።

አብነት።

4.18

ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ።

አንዷለም በበሩ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ መኪናው መጥቷል» አለ። «ጨርሻለሁ» አልኩት። አልጨረስኩም። ቆሞ ወረቀቴን አየ፣ የተጻፈበት ጀርባው ስለነበር ምን እንደሆነ አልገባውም። «አማካዩን እኔ ልሥራልዎት?» አለ። እንደ ድሮው ለመርዳት ፈልጎ ነው። ብዛቱን ብቻ ስጠኝና ቀሪውን እኔ እሠራለሁ እንደሚል ተማሪ።

ኮሪደሩን አያልነሽ እየወለወለች ነው። የመወልወያው ድምፅ እየቀረበ ይመጣል፣ በሬ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ይመለሳል። ዛሬ ጠዋት ስም ስጠራ ሠላሳ ሦስት ላይ «አለሁ ቲቸር» ብላለች። የታጠፈው ወረቀቷ ግራ እጄ ሥር ነው። ፊርማዋን ሁለት ጊዜ ተለማምዳ ነው የፈረመችው፤ ከሥሩ በእርሳስ የተሞከረ አለ።

አንባቢዬ፣ ሒሳቡን ታውቃለህ። ከሃምሳ አምስትና ከሃምሳ ስድስት አንዱን ነው የምጽፈው። አንደኛው ለእኔ የሚበጅ ነው፣ ሌላኛው ለእሷ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም አጠገብ ራይት አድርጌያለሁ። የሁለቱም የመጀመሪያ አኃዝ ተመሳሳይ ነው። እሱን ያለ ችግር ጻፍኩት።

ወረቀቱን ገለበጥኩ።

4. የተማሪዎች ውጤት (ከ50 ነጥብ)

የተፈታኞች ብዛት፦ 5___